ሲሳሳትብን ማን ዘንድ እንሂድ?

ፋይዳ፣ ቴሌብር፣ የተዘጋ ኔትወርክና የቡና ማሳ ነጥብ በኢሉባቦር ከተሞች

በመቱና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ሰው ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ሕግና ስለ ጸጥታ አስተያየቱን የሚሰጠው ጉዳዩ ደጁ ሲደርስ ነው። ነጋዴው ፋይዳን የሚያነሳው ባንክ ሲጠይቀው ነው። የባጃጅ ሹፌሩ ስለ ዲጂታል ክፍያ የሚከራከረው ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ነው። የያዮ ገበሬም የአውሮፓን ሕግ የሚሰማው ስልክ የያዘ ወጣት ቡናው መሃል ቆሞ የማሳውን መገኛ ነጥብ ሲወስድ ነው። ወጣቱና ሽማግሌው፣ የከተማውና የገጠሩ፣ ነባሩና ሰፋሪው አንድ ዓይነት ነገር አይሉም። ከሁሉም ወሬ ስር ግን አንዲት ጥያቄ ትመላለሳለች፦ ይህ ነገር የተሳሳተብኝ ቀን ማን ዘንድ ነው የምሄደው? እኔም የክርክሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው ብዬ ስለማምን ጉዳዮቹን በዚችው ጥያቄ በኩል አያቸዋለሁ።

ጥያቄዋ ትናንት አልተወለደችም፤ የምትነሳውም አገሩ ለአዲስ ነገር እንግዳ ስለሆነ አይደለም። ይህ አገር በዛሬው ካርታ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይታይ እንጂ የዓለምን ነገር ቀድሞ ያየ አገር ነው። ምኒልክ በ1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ጋምቤላ ላይ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ የጎሬ ቡና በበቅሎ ወደ ቆላው ይወርድ፣ ወንዙ ሲሞላም በእንፋሎት ጀልባ ካርቱም ይደርስ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባን ሲይዝ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የመሩት ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠው ጎሬ ነው። የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደ መቱ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል መቆጠርና መመዝገብ እዚህ ምድር ላይ መራራ ትዝታ አለው። በንጉሡ ዘመን መሬት ሲለካ ግብር እንደሚከተል ገበሬው ያውቅ ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር ብዙዎች ደስ አላቸው፤ ኋላ ግን ደርግ መንደር ምሥረታ ብሎ ቤታቸውን አስፈረሰ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የተጫኑ ሰዎች ኢሉባቦር ጫካ ውስጥ ሲሰፍሩም ስማቸው በመዝገብ ሰፍሯል፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን ብዙዎቹ አልተጠየቁም። ነባሩም መሬቱ ለእንግዳ ሲሰጥ አልተጠየቀም። ዛሬ አንድ አዛውንት የጣት አሻራ ስጡ ሲባሉ ቢያመነቱ ዘመን አልገባቸውም ማለት ስህተት ነው። በዕድሜያቸው ያዩት ምዝገባ ሁሉ አቤቱታ የማይሰማበት ነበር።

በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የቆመው ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ወስዶ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል። ባንኮችም በብሔራዊ ባንክ ትዕዛዝ ከአዲስ አበባ ጀምረው ደረጃ በደረጃ ያለ ፋይዳ አዲስ ሂሳብ መክፈት አቁመዋል። በዚህ ላይ በጎ የሚናገሩት ሰዎች ቁም ነገር አላቸው። የቀበሌ መታወቂያ ከቀበሌው ሲወጡ ዋጋው ይቀንስ ነበር፤ ቤት የሌለው የቀን ሠራተኛም፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣ ልጅም መታወቂያ ለማውጣት መከራውን ያይ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀበሌው መታወቂያ ብሔርን ይጽፍ ነበር፤ ፋይዳ አይጠይቅም። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያየው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ከመቱ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ ወለጋ በሚወስደው መንገድ በየኬላው ወርዶ መታወቂያ ለሚያሳይ መንገደኛ ግን ትልቅ እፎይታ ነው። በዚህ ረገድ ፋይዳ ሊመሰገን ይገባዋል።

ቅሬታው የሚጀምረው ከስም ነው። የአካባቢው ሰው ስሙ ኦሮምኛ ነው፤ ወረቀቱ ግን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የተሞላ ነው። ገመቹ የሚባል ሰው በመሬት ደብተሩ ላይ በቁቤ ሲጻፍ ‹ም› ይደረባል፣ የመጨረሻው አናባቢም ይደገማል። በባንክ ደብተሩ ላይ በአማርኛ ይሰፍራል። በትምህርት ማስረጃው ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ መምህሩ እንደመሰለው ተጽፏል። ሰው ሲያየው አንድ ስም ነው፤ ማሽን ሲያየው ሦስት ሰው ነው። የልደት ቀንም እንዲሁ በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ይንሸራተታል። ድሮ የቀበሌው ጸሐፊ ‹‹አውቀዋለሁ፣ ይኸው ሰው ነው›› ብሎ ማኅተም ይመታ ነበር። አሁን ጸሐፊው ቢያውቀውም ማኅተሙ መዝገቡን አይቀይርም። ሰነድ ለማስተካከል ሥራ ጥሎ የሚመላለስ ሰው ‹‹ዲጂታል ጥሩ ነው›› እያለ ይማረራል፤ ሁለቱም ስሜቱ እውነት ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ሁኔታው ይበልጥ ይወሳሰባል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኦሮምኛን ጨምሮ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ስለሚሠራ፣ ባንክ ቤት ገብተው የማያውቁ እናቶች አዲስ አበባ ካለ ልጃቸው ገንዘብ በስልክ ይቀበላሉ። ገንዘብ በመልእክተኛ ይላክ በነበረበት አገር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነዳጅ ግን ሌላ ስሜት ፈጥሯል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልሎች የወረደው የዲጂታል ክፍያ ግዴታ፣ ዓላማው የኮንትሮባንድ ነዳጅን መቆጣጠር ቢሆንም፣ ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ማደያው ፊት ባዶ ጀሪካንና የቆመ ባጃጅ ያስቀራል። ጥሬ ገንዘብ በኪሱ ይዞ መግዛት ያልቻለ ሹፌር ፖሊሲው ትክክል ነው ቢባል አይሰማም። በእኔ አስተያየት ግዴታ ከመጣሉ በፊት መውጫ መቀመጥ ነበረበት፦ መስመር ሲቋረጥ በደረሰኝ የሚሠራበት ደንብ፣ ማደያው ላይ ተለጥፎ ሁሉም የሚያነበው።

ሲስተም ሲሳሳት ዕዳው የማን ነው? ለሚለው ጥያቄ አገሩ ሁሉ የሚያስታውሰው ምሳሌ አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደወጣ ገለጸ፤ ካወጡት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አብዛኛው ገንዘብ ቢመለስም፣ ባንኩ ያልመለሱትን ከ500 በላይ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አደረገ። የዩኒቨርሲቲ ከተማ በሆነችው መቱም ሆነ ሌላ ቦታ ይህን ያየ ሰው ሁለት ነገር ያስባል። የሰው ገንዘብ መውሰድ ነውር ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ስህተቱ የተነሳው ግን ከባንኩ ነው፤ በአደባባይ ፎቶው የተለጠፈው ደግሞ ፍርድ ቤት ያልቀረበው ተማሪ ነው። ተቋም ሲሳሳት መግለጫ፣ ግለሰብ ሲሳሳት ፎቶግራፍ የሚለው ልዩነት ሰው ስለ ሲስተም ያለውን አመኔታ ከማንኛውም ቅስቀሳ በላይ ጎድቷል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅን አጸደቀ፤ ቁጥር 1321/2016 ሆኖ ወጣ። በአዋጁ መሠረት ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ የተሳሳተውን የማስተካከልና በሚገባ ሁኔታ የማስሰረዝ መብት አለው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት እንዳይደፈር ያዛል። ወረቀቱ ላይ ያለው መልካም ነው። ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሰየመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ግን አዲስ አበባ ነው። ከኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢሮዎች አንዱ ያለው ጅማ ነው፤ ከመቱ ወደ 250 ኪሎ ሜትር። ከአሌ ወይም ከኖኖ ሰሌ ወረዳ ለሚነሳ ሰው መጀመሪያ መቱ መግባት ራሱ የአንድ ቀን ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ። የስሙን አንድ ፊደል ለማስተካከል ይህን ሁሉ የሚጓዝ ማን ነው? መብቱ አለ፤ መብቱን የሚቀበል መስኮት ግን በአቅራቢያው የለም።

ጸጥታ ሲነሳ ድምፅ ይቀንሳል። በምዕራብ ኦሮሚያ ለዓመታት የቀጠለው የትጥቅ ግጭት ኢሉባቦርን እንደ ወለጋ ዞኖች አላቃጠላትም፤ አላለፋትምም። በሰኔ 2014 ዓ.ም ታጣቂዎች ጋምቤላ ከተማን ሲያጠቁ፣ በጎሬና በቡሬ በኩል ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሁሉ ተጨንቋል። ቅርብ ዘመድ ወለጋ የሌለው ቤተሰብ እዚህ ጥቂት ነው። ስለዚህ ኔትወርክ መዝጋት ሲባል የሚታወሰው በ2012 ዓ.ም ከጥር ገደማ ጀምሮ እስከ መጋቢት በወለጋ ዞኖች ሦስት ወር ያህል ስልክና ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ ሲገኝ እነዚያ ዞኖች አሁንም ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ያው ዓመት ሳይወጣ ሰኔ ላይ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል የመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ።

እዚህ ላይ አስተያየቱ በግልጽ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን፣ በተለይ ልጆች ያሳደጉና ግጭት ያዩ ሰዎች፣ አንድ ፖስት ሰው ካስገደለ መዝጋቱ ይሻላል ይላሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በ2011 ዓ.ም መጨረሻ ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም፣ ለአገር ደህንነት ሲባል ሊቋረጥ ይችላል ሲሉ ይህንኑ ስሜት ተናግረዋል። የሰውየውን መነሻ እዚህ ሁሉም ያውቃል፤ ከመቱ ወደ ጅማ ሲኬድ መንገድ ላይ ያለችው አጋሮ አካባቢ ተወልደው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነትን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ሁለተኛው ወገን የሚለው ደግሞ ይህ ነው፦ ስልክ ሲዘጋ ወሬ አይዘጋም። የሚቋረጠው ‹‹ልጄ በሕይወት አለ ወይ›› የሚለው ጥያቄ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የቡና ዋጋ ነው።

እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ የመጀመሪያውን ፍርሃት ግን አቃልዬ አይደለም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም በአጎራባቹ ቡኖ በደሌ ዞን፣ በጮራና በዴጋ፣ ሰዎች በማንነታቸው ተገድለዋል፣ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ከሰፋሪ ቤተሰብ የተወለደ ሰው የጥላቻ ንግግር መከላከያ አዋጁን፣ ቁጥር 1185/2012ን፣ እንደ ጋሻ ቢያየው ይገባኛል። አዋጁ የጥላቻ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት፣ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ ሐሰተኛ መረጃ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭም ቅጣቱ ይከብዳል። መቱ ዩኒቨርሲቲ ያለ ወጣት ደግሞ ሌላ ነገር ይፈራል፦ ሐሰት መሆኑን የሚወስነው ማን ነው? ስለ መንገድ መበላሸት የጻፍኩት ነገር በማን ሚዛን ይመዘናል? ሁለቱም ፍርሃት አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ የሚያምኑት ዳኛ ይፈልጋሉ። የተጎዳው ሰው ከሳሽ ሆኖ፣ የተከሰሰውም ተከላክሎ፣ ውሳኔው በአደባባይ ሲነበብ ሕጉ ሥር ይይዛል። ጉዳዩ በቁጥጥር ሥር በመዋልና በመፈታት መካከል ብቻ ሲያልፍ ግን ሁለቱም ወገን ምንም ሳይማር ይቀራል። በኔትወርክ መቋረጥ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ዳኝነት ጨርሶ የለም፤ ማን እንዳዘዘ፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ለደረሰው ኪሳራ ማን እንደሚጠየቅ የሚናገር ወረቀት ለሕዝብ አልደረሰም።

የትልልቅ ፕሮጀክቶችን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ሜቴክ (የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን) የጀመረው የያዮ ማዳበሪያ ፋብሪካ ሳይጠናቀቅ መቅረቱ የአካባቢውን ሰው ለተስፋ ቃል ጠንቃቃ አድርጎታል። አዲስ ዕቅድ ሲነገር በጸጥታ የሚሰማውና ለማጨብጨብ የማይቸኩለው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ጊዜ ልቆይበት የምፈልገው ጉዳይ ቡና ነው፤ ቴክኖሎጂውም፣ ሕጉም፣ ጸጥታውም፣ ፖሊሲውም የሚገናኙት እዚያ ነውና። የኢሉባቦር ቡና አብዛኛው የጫካና የከፊል ጫካ ቡና ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም የመዘገበው የያዮ የቡና ጫካ ባዮስፌር ክልል 167 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሸፍናል፤ የአረቢካ ቡና ዘር በተፈጥሮው ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ደኖች አንዱ ነው። ይህ ቡና ግን ለረጅም ጊዜ በስሙ አልተሸጠም። በ2001 ዓ.ም ቡና በግዴታ በምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ ሲደረግ የኢሉባቦሩ ከጅማ ምድብ ውስጥ ገባ፤ በመጋዘን ከሌላው ጋር ሲቀላቀልም ከማን ማሳ እንደመጣ ጠፋ። በ2009 ዓ.ም የወጣው አዋጅ 1051 አምራችና ላኪ በቀጥታ እንዲተሳሰሩ በሩን ከፈተ።

ገበሬው በዚህ ለውጥ ገና ሳይደላደል የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2023/1115 መጣ። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም፣ ማለትም በፈረንጅ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተገኘ ቡና አውሮፓ እንዳይገባ ይከለክላል። አስመጪውም እያንዳንዱ ቡና የበቀለበትን መሬት መገኛ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ወደ ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም ተሻግሯል፤ የዚያ ዓመት የቡና ለቀማ መሃሉ ላይ በሚሆንበት ሰሞን ማለት ነው። ቡና ለአገሪቱ በዓመት ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ባስገባበት ዘመን፣ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ገበያ እንዲህ ያለ ደንብ ሲያወጣ ከቀበሌ ጀምሮ ሁሉም ይሯሯጣል። ነጥብ የሚወስዱ ወጣቶች ወደ ማሳ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

‹‹ኦቦ፣ ማሳዎን ያሳዩኝ›› ሲባል ገበሬው ምን ያስባል? አንዳንዱ ዋጋ ይጨምራል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። አንዳንዱ ግብር ሊጣልብኝ ነው ይላል። ጫካ ውስጥ የሚለቅም ደግሞ ይበልጥ ይሰጋል፤ በአያቱ ዘመን የተተከለው ቡና በደን መሥሪያ ቤት ካርታ ላይ የመንግሥት ደን ሊሆን ይችላልና፣ ነጥቡን መስጠት ራስን ማጋለጥ ይመስለዋል። ከሰማይ የሚያነሳው ሳተላይት ደግሞ የሚያየው የዋንዛውንና የብሳናውን ጫፍ እንጂ ከሥሩ ያለውን ቡና አይደለም። ጥላው ሲሳሳ፣ ገበሬው ቅርንጫፍ ቆርጦ ብርሃን ሲያስገባ፣ ከላይ ሲታይ ደን የተጎዳ ሊመስል ይችላል። ለዘመናት ደኑን በቡናው ምክንያት ያቆየ ሰው በደን አጥፊነት እንዳይጠረጠር የሚመሰክርለት ማን ነው?

ከደንቡ ውስጥ ለገበሬው የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፤ በየቀበሌው ስብሰባ ጮክ ተብሎ ሊነገር ይገባል። ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ብቻ ይበቃል፤ ዙሪያውን ለክቶ ወሰን ማስመዝገብ ግዴታ የሚሆነው ከዚያ በላይ ለሆነ ነው። አብዛኛው የኢሉባቦር ገበሬ ማሳ ከዚህ መጠን በታች ነው። ስለዚህ ለአውሮፓ ገበያ ተብሎ የመሬቱ ስፋት እንዲለካ የሚጠየቅ አነስተኛ ገበሬ፣ ደንቡ ያልጠየቀውን ነው የሚጠየቀው። የወሰን ልኬቱ ለሌላ ዓላማ ካስፈለገ በዚያው ዓላማ ስም፣ ለብቻው ይጠየቅ። የቡናን ነጥብ ከግብርና ከደን ወሰን ጋር ማቀላቀል የገበሬውን ጥርጣሬ ትክክል ማድረግ ነው።

ነጥቡ የተወሰደበት ገበሬ እጅ የሚቀር ወረቀትም ያስፈልጋል። የመረጃ ጥበቃ አዋጁ ለከተማው ባለሂሳብ የሚሠራውን ያህል ለእሱም ይሠራል። በኦሮምኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የማሳው ነጥብ፣ የተወሰደበት ቀን፣ የወሰደው ሰውና መሥሪያ ቤት፣ መረጃው ለማን እንደሚተላለፍ፣ ስህተት ሲኖር በወረዳው ውስጥ የሚቀበለው ሰው ስምና የቢሮው በር። የወረዳ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የፋይዳ ምዝገባ ጣቢያዎችም ለስም ማስተካከያ ያንኑ መስኮት ሊጋሩ ይችላሉ፤ የቴሌብርና የባንክ ቅሬታ ተቀባይ በሳምንት አንድ የገበያ ቀን እዚያው ቢቀመጥ ደግሞ ከአሌ የመጣው ሰው ሦስቱንም ጉዳይ በአንድ መንገድ ጨርሶ ይመለሳል። ለቀማው ከመድረሱ በፊት ያሉት ወራት ለዚህ ይበቃሉ።